ቆሞ የሚቆጥር ሰው

ኬንዱ ቤይ
ኦገስት 9 ቀን 1997

ውድ ልጄ አጁዋንግ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እኛ ደህና ነን። ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ አይደለም፤ አጣርቼ ነው የምጽፈው። ዶሪና ሐይቁ ዳር ኦሜናዋን፣ እነዚያን ደቃቅ ዓሦች፣ አስጥታ ከቁራዎች ጋር ስትጨቃጨቅ ድምፅዋ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ጤነኛ ናት ማለት ነው።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ እሆናለሁ። ጂሙ ውስጥ ፎጣ ከማጠፍና መሣሪያ ከመወልወል አልፈሽ ደንበኛ እንድትነኪ ካልፈቀዱልሽ፣ ፈታኞቹ ደግሞ አንድ ሰው ለወራት አሠልጥነሽ ውጤቱን ካላሳየሽን አሠልጣኝ አትባዪም ካሉሽ፣ ሰው ከየት ታመጫለሽ? የእኔን ገላ ውሰጂ። ስልሳ አንድ ዓመት አገልግሏል፤ ቢሆንም ከአንድ ባለቤት እጅ አልወጣም። በደብዳቤ መሠልጠን ይቻላል ወይ ላልሽው፣ ከአፍ ትእዛዝ ይሻላል እላለሁ። በኋላ ‘እንዲህ አላልኩም’ ማለት አትችይም።

የወደቅሽበትን ጥያቄ ገልብጠሽ ስለላክሽልኝ አመሰግናለሁ። “ክንድ ሲዘረጋ የፊተኛው ጡንቻ ይገፋዋል” ብለሽ መልሰሻል። ልጄ፣ ይህን በሦስተኛ ፎርም፣ ገና ከክፍሉ ጋር ‘ምዋሊሙ’፣ መምህር፣ ስትዪኝ፣ እኔው ራሴ አስተምሬሻለሁ። በመስኮቱ በኩል ተቀምጠሽ ነበር፤ የምታዪውም መስኮቱን ነበር። ጡንቻ አይገፋም። የቦክሰኛም ይሁን የሕፃን፣ መጎተት እንጂ ሌላ ሥራ አያውቅም። ስለዚህ ሁልጊዜ ጥንድ ነው፤ የፊተኛው ክንዱን ያጥፋል፣ የኋለኛው ይዘረጋዋል። ኦንዲጎና ወንድሞቹ መረብ ወደ ዳር ሲያወጡ አይተሻል። በሁለት ወገን ገመድ ይይዛሉ። መረቡ ወደ አንዱ ወገን እንዲዞር ያ ወገን መጎተቱ ብቻ አይበቃም፤ ሌላው ገመዱን ማላላት አለበት። ሁለቱም ከጎተቱ መረቡ ይቀደዳል፣ ዓሣውም ይስቃል።

ይህን በራስሽ ክንድ ላይ እጅሽን አስቀምጠሽ አረጋግጪ። ከዚያ ትእዛዝሽን ላኪ።

ቤትሽ የሆንነው፣
ኤልካና ኦቡያ


ናይሮቢ
ኦገስት 21 ቀን 1997

ለተከበሩ አባቴ ምዋሊሙ፣

እማማ ዶሪናን፣ ቁራዎቹን ሳይቀር፣ ሰላም በሉልኝ። መስኮቱን ሲያነሱብኝ አፈርኩ፤ ግን ልናገር፣ በመስኮቱ የሚታየው ሐይቁ ነበር፣ በሰሌዳው ላይ ያለው ደግሞ የተገፈፈ እንቁራሪት። ማን ይፈርድብኛል?

ክንዴን እንዳሉኝ አድርጌ ዳሰስኩት። ሙቲንዳ አየኝ። ሙቲንዳ እዚህ ካሉት አሠልጣኞች ሁሉ ደረተ ሰፊው ነው፤ እግሩ ግን የፍየል ነው፣ እግር ማሠራት አይወድም።

“የፎጣ ሚኒስትር!” አለኝ። “ራስሽን ልትዳሪ ነው እንዴ የምትዳስሺው?”

“እያጠናሁ ነው።”

“ሰውሽንስ አገኘሽ?”

“አባቴን። ኬንዱ ቤይ ነው ያሉት።”

“በምን ልታሠለጥኚው ነው፣ በቴሌግራም?”

“በደብዳቤ። ከአንተ የተሻለ ያነባሉ” አልኩት። እስከ ማታ አላናገረኝም፤ እፎይ ብዬ አነበብኩ።

አሁን ወደ ትእዛዙ። በየሁለት ቀኑ ከቤት እስከ ኮረብታው ጫፍ በፈጣን እርምጃ ይውጡ። ልብዎ በቂ ሥራ እየሠራ መሆኑን የምናውቀው በምቱ ነው። ደንቡ ከሁለት መቶ ሃያ ላይ ዕድሜን ቀንሶ ይነሣል፤ ለእርስዎ ሳሰላው በደቂቃ ከመቶ ዐሥር እስከ መቶ ሃያ መሆን አለበት። ጫፍ ሲደርሱ ሁለት ጣትዎን አንጓዎ ላይ አድርገው ይቁጠሩና ይጻፉልኝ። አውራ ጣት አይሆንም፤ የራሱ ምት ስላለው ያሳስትዎታል። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እንቁራሪቷን ብሸሽም ይህን ይዣለሁ።

ቅጹ አንድ ነገር በግድ እንድጠይቅዎ ያዛል። ሕመም አለብዎት? መድኃኒት ይወስዳሉ? ካለ፣ ሐኪም ካልፈረመ በስተቀር ለፈተና አይሆኑም። ወላጅ አባቴን፣ ወንድምዎን ኦጎላን፣ ደም ግፊት እንዴት ድንገት እንደነጠቀን ስለምናውቅ ጥያቄው ለእኔ የቅጽ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ይህ ሁለተኛውና የመጨረሻው ፈተናዬ ነው። ከወደቅሁ ፎጣዬን ይዤ እቀራለሁ።

ልጅዎ አጁዋንግ


ኬንዱ ቤይ
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1997

ውድ አጁዋንግ፣

ጀምሬያለሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ጫማዬን ማሰፋት ነበረብኝ።

ስለ ሰውነቴ ለጠየቅሽኝ፦ እንቅልፌ ጥሩ ነው። ጥርሴ ጎድሏል። ዓይኔ ያለ መነጽር አያነብም። ዶሪና ከትከሻዬ በላይ እያነበበች “ጨርስ እንጂ” ትለኛለች። ጨርሻለሁ።

ወደ ሥራው ልመለስ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስወጣ ኦንዲጎ ጀልባውን እየጠገነ ነበር።

“ምዋሊሙ፣ ጅብ ነው ያባረረዎት ወይስ ሚስት?” አለ።

“አሠልጣኝ አዝዛኝ ነው።”

“እኛ ሐይቁ ላይ ሙሉ ቀን ስንቀዝፍ የትኛው አሠልጣኝ አዘዘን?”

“ለዚህ ነዋ ወገብህ የሚያምህ” አልኩትና ቆሜ አስረዳሁት። መቅዘፊያውን ከጫፉ ከያዘው ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል፤ ወደ መሐል ጠጋ ብሎ ከያዘው ግን ያው ውሃ ይከብደዋል። ክንዳችን የተሠራው እንደ ሁለተኛው ነው። ጡንቻው የሚይዘው ከክርናችን አጠገብ ነው፣ ዓሣው ያለው መዳፋችን ላይ። ስለዚህ ጡንቻው ከዓሣው ክብደት ብዙ እጥፍ ይጎትታል። በለውጡ እጃችን ፈጣን ሆነ። እግዚአብሔር ከጉልበት ፍጥነትን መረጠልን። ኦንዲጎ ሰምቶ ሲያበቃ፣ “ታዲያ ዓሣውን ማን ይሸከምልኝ?” አለ። አስተማሪ መሆን እንዲህ ነው።

አሁን ቁጥሩ። የኮረብታው ጫፍ ስደርስ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ትንፋሼም እንዳያሳስተኝ አልንቀሳቀስም። ጣቶቼን አስቀምጬ ሙሉ ደቂቃ እቆጥራለሁ። ዘጠና። አንዳንዴ ከዘጠና ትንሽ ከፍ ይላል። አንቺ ካልሽው አይደርስም።

ጠበቅ አድርጊልኝ። ደካማ ተማሪ መባል አልወድም።

ኤልካና


ናይሮቢ
ሴፕቴምበር 30 ቀን 1997

ለተከበሩ አባቴ ምዋሊሙ፣

ጫማዎ እንደሚበረታ ተስፋ አለኝ። ከዚህ በታች የምጽፈውን እንዳይቀየሙኝ በጉልበቴ ተንበርክኬ እለምናለሁ።

ቁጥሩን ለሙቲንዳ አሳየሁት። “ሽማግሌው ወይ እየተንሸራሸረ ነው፣ ወይ መቁጠር አይችልም” አለ። ሒሳብና ባዮሎጂ ያስተማሩኝ መሆንዎን ብነግረው “እንግዲያው እየተንሸራሸረ ነው” አለ። አባቴ፣ እውነት ይፈጥናሉ? ወይስ ከእያንዳንዱ ጀልባ ጋር እየቆሙ ትምህርት ይሰጣሉ?

መጽሐፉ እንደሚለው ገላ የለመደውን ነገር አይፈራም። የሚጠነክረው ከለመደው በላይ ሲጠየቅ ነው። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ባለው በገደላማው መንገድ ይውጡ። ምቱ ከፍ ካላለ ደግሞ ድንጋይ በከረጢት ይያዙ። ዲሴምበር ላይ ለፈታኞቹ የማስገባው፣ ከልብ ምትዎ የምሥለው መስመር ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ አሁን ግን ተጋድሞ ተኝቷል።

ስለ ሕመምና ስለ መድኃኒት የጠየቅሁዎትን አልመለሱልኝም። ዝምታዎን “የለም” ብዬ ተቀብዬ ቅጹ ላይ ሞልቼዋለሁ። ልክ ነኝ አይደል?

ልጅዎ አጁዋንግ


ኬንዱ ቤይ
ኦክቶበር 19 ቀን 1997

ውድ አጁዋንግ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬ የጀመርኩት ስለ ተቆጣሁ ነው። ለሙቲንዳ ንገሪው፤ የልብ ምት መቁጠር ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ የልጅ ልጅ አላቸው። ለማረጋገጥ ዶሪናን በግራ አንጓዬ አቆምኳት፣ እኔ በቀኙ ቆጠርኩ። እኩል መጣ። እሷም “ሞኝነትህ በሁለቱም በኩል እኩል ነው” አለችኝ።

በገደላማው መንገድ እየወጣሁ ነው፤ ድንጋይም ይዣለሁ። እግሬ በደንብ ይሠራል። አስተውለሽ ከሆነ ባት የሚሠራው ለእግር ብቻ አይደለም። ወደ ታች የወረደውን ደም ሽቅብ የሚመልሰው ባት ነው፤ በተራመድሽ ቁጥር ደም ሥሩን ጨምቆ ወደ ልብ ይልከዋል። ይህን ለፈተናሽ ያዥው፤ ሊጠይቁሽ ይችላሉ።

ጉልበቴ በመውረድ ጊዜ ይሰማኛል እንጂ በመውጣት አይደለም፤ ስትወርጂ ጡንቻው እየረዘመ ክብደት ስለሚይዝ ይህ የሚጠበቅ ነው። ጫፍ ላይ ስደርስ ዓይኔ ትንሽ ይጨልምብኛል፤ ይህም ከፀሐዩ ነው። ቁጥሩ ከዘጠና ብዙም አልራቀም። እጨምራለሁ። መስመርሽ ተጋድሞ አይቀርም፤ ቃሌ ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ የጠየቅሽኝን አንብቤዋለሁ። ቅጹን ከሞላሽው ተሞልቷል።

ዝናቡ ጀምሯል። እንዲህ ያለ ዝናብ አይቼ አላውቅም።

ኤልካና


ናይሮቢ
ኖቬምበር 2 ቀን 1997

አባቴ ምዋሊሙ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ የትም ቢሆኑ ይቀመጡ። ኮረብታው ይቅር። ድንጋዩን ይጣሉት።

ስለ መድኃኒቶች የሚያወራውን ምዕራፍ ዛሬ ደረስኩበት። መጨረሻ ላይ ስለሆነ ማንም አያነበውም፤ ሙቲንዳም አላነበበውም። ለደም ግፊት የሚሰጥ አንድ ዓይነት ኪኒን አለ፤ የልብን ልጓም ይይዛል። ገላ “ፍጠን!” እያለ ሲጮህ ልብ አይፈጥንም። ሰውየው ዳገት ቢወጣ፣ ድንጋይ ቢሸከም፣ እስኪደክም ቢለፋ፣ ቁጥሩ ከፍ አይልም። ቁጥር ብቻ የሚያይ አሠልጣኝ ግን “ሰነፍ ነው” ብሎ ይጨምርበታል። ጨምሮ ጨምሮ...

ሌላም አለ። እርስዎ ስለ ባት የጻፉልኝን አስቤ እንቅልፍ አጣሁ። ከለፉ በኋላ ድንገት ቀጥ ብለው ሲቆሙ ደሙን የሚመልሰው ማን ነው? ዓይንዎ የጨለመው ከፀሐይ አይደለም።

መድኃኒት ይወስዳሉ? በእግዚአብሔር ይመልሱልኝ። እርስዎ ጥያቄውን ሲያልፉት ለእኔ የተመቸኝን መልስ ነው የመረጥኩት።

መንገዱ በጎርፍ ተቆርጧል ይላሉ። ደብዳቤዎቹ ኪሱሙ ተከማችተዋል ይላሉ። ይህን ለአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሰጥቼዋለሁ።

አጁዋንግ


ሆማ ቤይ፣ ሆስፒታል
ኖቬምበር 11 ቀን 1997

ልጄ፣

ዶሪና ነኝ። የእጅ ጽሑፌን ስታዪ እንዳትደነግጪ፤ በሕይወት አለ። መጀመሪያ ይህን አንብቢ፣ ውሃ ጠጪ፣ ከዚያ ቀጥዪ።

ደብዳቤሽ የደረሰው ከወደቀ በኋላ ነው። ኮረብታው ጫፍ ላይ ወድቆ አገኘሁት። ከተለመደው ሰዓቱ ስለቆየብኝ ነው የሄድኩት። ድንጋይ የሞላው ከረጢት ጀርባው ላይ ነበር፤ ግንባሩ ተፈንክቶ፣ ቀኝ ክንዱ ከሥሩ ተጣጥፎ። የግራ እጁ ጣቶች ግን አሁንም አንጓውን እንደያዙ ነበሩ። አንቺ ሰው! ወድቆም ይቆጥራል!

መኪና የሚያልፍበት መንገድ የለም። ኦንዲጎ በጀልባው ወሰደን፤ እየቀዘፈ ያለቅስ ነበር። አጎትሽ ነቅቶ ያለው የመጀመሪያ ነገር ምን ይመስልሻል? “ኦንዲጎ፣ ወገብህን አታጉብጥ።”

ዶክተሩ ክንዱ ተሰብሯል፣ ልቡ ግን ደህና ነው ብሏል። የሚውጠውን ኪኒን ጠየቀው፤ እኔ ነገርኩት። ከፋሲካ ጀምሮ ይውጣል። ጤና ጣቢያው የሰጠው ነው፤ እንደ አባትሽ ደሙ ከፍ ብሎ ተገኘ። ላንቺ እንዲጽፍልሽ ስንት ጊዜ ነገርኩት። “ከነገርኳት ወይ ሰው ታጣለች፣ ወይ ፈተናውን ጥላ ትመጣለች” ይላል። እኔ ዓሣ ሻጭ ነኝ፤ የበሰበሰውን ከታች አድርጎ የሚሸጥ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እሱ ግን የተማረ ነው።

አንቺንም ልቆጣሽ ነበር፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ግን ተውኩት። ብዪ እንጂ፣ እየበላሽ ነው?

እናትሽ ዶሪና


ናይሮቢ
ኖቬምበር 20 ቀን 1997

አባቴ ምዋሊሙ፣

የምጀምርበት ሰላምታ አጣሁ። ይህን ሦስቴ ጽፌ ቀድጃለሁ።

ሙቲንዳ ሊያጽናናኝ ብሎ “ሰውየው አገር ለቀቀ በይ። ሌላ ጎረምሳ አምጥተሽ ሳምንት አሩጪውና መስመሩን እኔ እሥልልሻለሁ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው” አለኝ። ክፋት የለበትም፣ እውነት ያዘነልኝ መስሎታል። ፎጣ ወረወርኩበት።

በቅጹ ላይ “የለም” ብሎ የጻፈው የእኔ እጅ ነው። እርስዎ ዝም አሉ እንጂ አልዋሹም፤ ዋሾዋ እኔ ነኝ። በመጽሐፍ ላይ ያለ ቁጥር ስለታየኝ እርስዎ አልታዩኝም። አባቴን፣ ወንድምዎን፣ አንዴ በዚህ በሽታ አጥተናል፤ በእኔ እጅ ሁለተኛ ልናጣ ነበር።

የዚህን ሥራ ነገር ትቼዋለሁ። መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ። ከእማማ ጋር ኦሜና አሰጣለሁ፤ ዓሣ ቢያንስ አይታመምም።

አጁዋንግ


ኬንዱ ቤይ
ዲሴምበር 6 ቀን 1997

ልጄ፣

ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው። እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጽሑፌ ከመስመር ይወጣል፤ ነጥብ አትቀንሺብኝ።

አትምጪ። የምታሰጪው ኦሜና የለም፤ ዝናቡ አበስብሶታል። ለዶሪና ረዳት መሆን የምትችዪ አይመስለኝም፤ ቁራዎቹ ይንቁሻል።

ጀሶው ወጥቶልኛል። ክንዴ ቀጥኗል፤ የኔ አይመስለኝም። ክርኔ ታጥፎ ደርቋል። ጡንቻ ለሳምንታት አስፈላጊ ነህ ካልተባለ ይሟሟል፤ መጽሐፉ ያለው ነው፣ እውነቱን አሁን አየሁት። አንዲት ነርስ ወደ ጤና ጣቢያው በሄድኩ ቁጥር ክንዴን ታሠራልኛለች። እኔ ጥርሴን ነክሼ ልዘረጋው እታገላለሁ። እሷ ግን “ምዋሊሙ፣ አይዘርጉ። ይልቀቁ” ትለኛለች። የኋለኛው ጡንቻዬ እየጎተተ ነው፤ የፊተኛው ስለፈራ አልለቅ አለው። ይህን ላንቺ ጻፍኩልሽ፤ ስለ መረብም አወራሁ። ለራሴ አላወኩትም ነበር።

እኔም ይዤ ያልለቀቅሁት የኪኒኑን ነገር ነበር። ሐኪም እንዲፈርም ጠይቄ ‘እምቢ’ ቢለኝ ሰው ታጫለሽ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ በላይ የፈራሁት ደግሞ የኦጎላን ስም ነው። ያንን ስም በቤታችን ውስጥ ጮክ ብዬ ካልጠራሁት ዓመታት አልፈዋል። አንቺ ትእዛዙን በላክሽበት ደብዳቤ ጠርተሽዋል። ከእኔ ትበልጫለሽ።

ጥፋቱን ልክ በልኩ እንካፈለው፤ እኔ የፈተና ወረቀት ሳርም ኖሬያለሁ። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ዝምታን እንደ መልስ የቆጠርሽው አንቺ ነሽ። ቆሜ የቆጠርኩት እኔ፤ ድንጋይ ያልሽው አንቺ። አሁን የቀረው አንድ ነው። ያለውን ሁሉ፣ ተጋድሞ የተኛውን መስመርም፣ “የለም” ያልሽውንም፣ መውደቄንም፣ እንዳለ ጽፈሽ ለፈታኞቹ ስጫቸው። ከጣሉሽ ይጣሉሽ። ሙቲንዳ በሠራልሽ መስመር ካለፍሽ ግን፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሽማግሌ እኔ አይደለሁም፤ ኦንዲጎም አጠገቡ አይኖርም።

እጄ ደከመ። የግራ እጅም ይደክማል።

አባትሽ
ኤልካና


ናይሮቢ
ጃንዋሪ 25 ቀን 1998

ለተከበሩ አባቴ ምዋሊሙ፣

የግራ እጅዎን ጽሑፍ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከመስመር ቢወጣም ይነበባል። ክንድዎ እንዴት ሆነ? ዶክተሩ ሌላ ኪኒን እንደጨመረልዎ ሰማሁ፤ ራስ ምታት አላመጣብዎትም? ለእማማ የላክሁት ስኳር ደረሳት?

አሁን ስለ ፈተናው ልንገርዎ። ሁሉንም እንዳለ ጻፍኩት። ፈታኟ ወይዘሮ ኒያምቡራ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ፈገግታ የማያውቁ፣ ጫማቸው እንደ እርስዎ የተሰፋ። ወረቀቴን ከፊቴ አነበቡት። እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ነበር።

“ይህን ማን ጻፈው?” አሉ።

“እኔ።”

“‘ልቡ አልታዘዝ አለ፣ እኔም ጨመርኩበት።’ ይህን ጽፎ ያመጣልኝ ተፈታኝ አላውቅም። የሁሉም መስመር ወደ ላይ ይወጣል። ናይሮቢ ውስጥ የሚታመም ሰው የሌለ ይመስላል።”

ወረቀቱን ገለበጡት።

“ሰውየው በሕይወት አለ?”

“አለ።”

“እንግዲያው ሥራሽ አላለቀም” አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ። ሐኪም ፈርሞ፣ ያንኑ ሰው እንደ አዲስ ጀምሬ፣ በማርች መጨረሻ እንዳቀርብ ፈቀዱልኝ። አላለፍኩም፤ አልወደቅኩምም። ከቢሮው ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሙቲንዳ ፎጣ አመጣልኝ፤ “አሁን ተካካስን” አለኝ።

ዶክተሩ ከፈረመ፣ እርስዎም ከፈቀዱ፣ አዲሱ ትእዛዝ ይህ ነው። አንጓዎን አይንኩ። ቁጥር የለም። ልጓም የተያዘ ልብ በቁጥር አይነበብም፤ በትንፋሽ ግን ይነበባል። በኮረብታው ለስለስ ባለው መንገድ እየሄዱ ያውሩ። የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ ከጨረሱ ልክ ነው። መዝፈን ካማረዎት ትንሽ ይጨምሩ። ቃሉ በመሐል ከተሰበረ ይቀንሱ። ጫፍ ሲደርሱ እንዳይቆሙ። ባትዎ ደሙን እንዲመልስ ቀስ እያሉ ይዙሩ፣ ከዚያ ይውረዱ።

ለብቻ ማውራት አይቻልም። ስለዚህ እማማ ዶሪና አብረው ይሂዱ። ከፊትም ከኋላም አይደለም፣ ጎን ለጎን፤ ካልተሰሙ አይጠቅምም። ሁልጊዜ ከፊቷ ራቅ ብለው በዝምታ እንደሚሄዱ አውቃለሁ። ይህ ድንጋዩን ከመሸከም ሊከብድዎ ይችላል፤ ይቅርታ።

በየቀኑ በቁጥሩ ቦታ ማውራት መቻል አለመቻልዎን ይጻፉልኝ። በዚያው ያወሩትን ነገር ቢጽፉ ደስ ይለኛል፤ እሱ ግን ለፈተናው አይደለም።

ልጅዎ አጁዋንግ


ኬንዱ ቤይ
ማርች 15 ቀን 1998

ውድ ልጄ አጁዋንግ፣

በቀኝ እጄ እየጻፍኩ ነው። ክርኔ ሙሉ በሙሉ አልተዘረጋም፤ ለብዕር ግን ይበቃል። የዶክተሩ ፊርማ ከዚህ ጋር አለ። ሁለት ኪኒን እውጣለሁ፤ ስማቸውን ከጀርባው ጽፌልሻለሁ፣ ፊደላቸውን አረጋግጫለሁ።

ሥራው እንዴት ነው ላልሽው፣ ከባድ ነው። በመጀመሪያው ቀን የማወራው ነገር አልመጣልኝም። የክፍል ልማድ ሆኖብኝ የእጅን አጥንቶች ከአንጓ ጀምሬ ስም በስም ጠራሁላት። ዶሪና ሰማች፣ ሰማች፤ ከዚያ፣ “አንተ፣ ዓሣ መሰልኩህ እንዴ አጥንቴን የምትቆጥረው?” አለች።

“ማውራት አለብኝ፣ ታዝዣለሁ።”

“እንግዲያው የሰው ነገር አውራኝ።”

በሚቀጥለው ጊዜ እኔ ዝም ስል እሷ ጀመረች። እዚያ ማዶ ከሴሜ ስትመጣ የተሳፈረችበት ጀልባ ውሃ እንዴት እንደገባበት፣ እኔ ዳር ላይ ቆሜ እስክትወርድ ድረስ አንድም ቃል እንዳልተነፈስኩ ነገረችኝ። “ያኔ ድዳ ያገባሁ መስሎኝ ነበር” አለች። “ቃላት እየመረጥኩ ነበር” አልኳት። “መረጥክ መረጥክ፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆነህ” አለች። ኦንዲጎ ከታች፣ “ምዋሊሙ! ዛሬ ማን ነው የሚያባርርዎት?” ብሎ ጮኸ። “አጠገቤ ነች!” አልኩት። ትንፋሼ አልተቆረጠም። ይህን መዝግቢ።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ ፌብሩዋሪ ሃያ ላይ ለምን “ተቆራረጠ” ብለው ጻፉ፣ መንገዱ ያው አይደለም ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ይህን ጥያቄ እንዳላልፈው ወስኛለሁ።

መንገዱ ያው ነው፤ ፍጥነታችንም። ዋርካው ጋ ስንደርስ ኦጎላ ልጅ ሳለን ከዚያ ዛፍ ላይ እንዴት እንደወደቀ ልነግራት ጀመርኩ። ስሙን ጠራሁት። ዓረፍተ ነገሩ መሐሉ ላይ ተሰበረ። ትንፋሼ አጠረ፤ መቀጠል አልቻልኩም። ዶሪና አየችኝ።

“ዳገቱ ነው ወይስ ኦጎላ?” አለች።

የትኛው እንደነበር አሁንም በትክክል አላውቅም፤ በትክክል የማላውቀውን ደግሞ ጽፌ አላውቅም። ለፈታኟ “ተቆራረጠ፤ ፍጥነት ቀነስን” በዪ። ይህ ልክ ነው። ቀነስን። ዶሪና ክንዴን ያዘችኝ፤ የታመመውን ክንድ፣ ከክርኑ በላይ። እስክጨርሰው ድረስ ጠበቀችኝ። እኔም ቀስ ብዬ፣ ቅርንጫፉ እንደተሰበረ፣ እሱም ወድቆ እንደሳቀ፣ እናታችን እንደገረፈችን፣ እስከ መጨረሻው ነገርኳት።

ጫፍ ስንደርስ አልቆምንም። ሐይቁን እያየን፣ እያወራን፣ ዞረን ወረድን።

አባትሽ
ኤልካና ኦቡያ